ተደራሽነት በባሕር ዳር፦ ከመዋቅራዊ ፕላን እስከ ጀልባ ማረፊያ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ወይም ከደሴ ለመጣ እንግዳ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ሜዳነቷ ነው። የቤዛዊትን ኮረብታ ትተን መሀል ከተማዋ ይህ ነው የሚባል ዳገት የለባትም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው ማስተር ፕላንም ሰፋፊ ጎዳናዎችን አውርሷታል። ብስክሌት በከተማዋ የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ወይም በክራንች ለሚራመድ ሰው እንዲህ ያለ መሬት ብዙ የደጋ ከተሞች በምንም ገንዘብ የማይገዙት ጸጋ ነው። እንቅፋቱ በአመዛኙ በኋላ በሰው እጅ የመጣ ነው፤ ሦስት ደረጃ ያለው የባንክ ደጃፍ፣ ክዳኑ የተነሳ ቦይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተ የመንግሥት ቢሮ።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲመድብ ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃን፣ መንገድን፣ ትራንስፖርትንና መረጃን በአንድነት የተደራሽነት ጉዳይ ያደርጋቸዋል። ለከተማ አስተዳደር ቅርብ የሆነው ግን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚያዳግታቸው ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖራቸው ያዛል። መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለእነርሱ የሚሆን በቂ ክፍል መኖር አለበት።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተማን የሚመራው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ይወጣል። መዋቅራዊ ፕላኑ የመሬት አጠቃቀምንና የዋና መንገዶችን መስመር ይወስናል። የእግረኛ መንገዱ ወርድ፣ መሻገሪያውና አደባባዩ መልክ የሚይዙት በአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው። ሁለቱም ረቂቅ ሳሉ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባሉ። ይሁንና ስብሰባው ደረጃ ባለው አዳራሽ ከተጠራ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ከሌለ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች አስተያየት ከበሩ ውጭ ይቀራል። ካርታን በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ «አስተያየት ስጡ» ማለትም ለዓይነ ስውር ነዋሪ ምንም አይነግረውም።

ከፕላኑ ይልቅ ወሳኙ ቦታ የግንባታ ፈቃድ መስኮቱ ይመስለኛል። የሕንፃ አዋጁ ሕንፃዎችን በሀ፣ በለ እና በሐ ይመድባል፤ የሕዝብ መገልገያዎች የሚወድቁት በምድብ ሐ ነው። የዚህ ምድብ ሕንፃ ዲዛይን በሕንፃ ሹሙ ይመረመራል፣ ተሠርቶ ሲያልቅም ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ አገልግሎት አይጀምርም። ስለዚህ አስተዳደሩ ሁለት ጊዜ «ይስተካከል» ሊል ይችላል፤ አንዴ ወረቀት ላይ፣ አንዴ በር ላይ። ወረቀት ላይ የታየው ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) ግንባታው ላይ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው።

ራምፕ አለ ማለት ደግሞ ይሠራል ማለት አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር አግድም ይጠይቃል። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ ጠቅላላ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህን በራምፕ ለመተካት 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። ሕንፃው ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ከተሠራ ያን ርዝመት ከየት ያመጣዋል? መልሱ ብዙ ጊዜ እንደ መንሸራተቻ የቆመ ሲሚንቶ ነው፤ ሰው ገፍቶ ካላወጣው ዊልቸር አይወጣበትም፣ ሲወርድም ያስፈራል። ርካሹ መፍትሔ ያለው ከመጀመሪያው ነው፤ ሜዳ ላይ ለተቆረቆረች ከተማ የሕንፃውን ወለል ከእግረኛ መንገዱ እምብዛም ሳያርቁ መሥራትና የጎርፉን ነገር በፍሳሽ ማስወገጃ መፍታት። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሰፋ፣ ከውስጥም ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ከ50 ክፍት ቦታ ቢተው፣ ሊፍቱ ያለ ደረጃ የሚደረስ ቢሆን የግንባታውን ወጪ ብዙም አያንረውም። ካለቀ በኋላ መስበር ነው ውዱ።

የዝናቡ ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ለከተማዋ ግድ ነው፤ ክዳኑ ሲሰበር ወይም ለጽዳት ተነስቶ ሳይመለስ ሲቀር ግን ነጭ በትር ይዞ ለሚሄድ ሰው ወጥመድ ይሆናል። በውስጥ ሰፈሮች የተነጠፈው ኮብልስቶን ከጭቃ አውጥቶናል፤ ለዊልቸር ትንንሽ የፊት ጎማዎች ግን ሻካራ ነው፣ በተለይ መሬቱ ሰርጎ ድንጋዩ ከተዛባ። መሀሉ ወይም ዳሩ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለስላሳ መስመር ማንጠፍ ይቻላል። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ሸንተረርና ነጥብ ያለው ንጣፍ በ1967 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ኦካያማ የተጀመረ ነው። አሁን በአገራችን የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶችም ላይ ይታያል፤ ታዲያ መስመሩ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ጋ ሄዶ ከቆመ ባይኖር ይሻላል። ሸቀጥ የሚዘረጋበትና ባጃጅ የሚቆምበት ከሆነም እንደዚያው፤ ይህ የደንብ ማስከበር ሥራ እንጂ የመሐንዲስ አይደለም።

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መስመርም አለው። ወደ ድልድዩ የሚያደርሱት መንገዶች ያልተቆራረጡ እስከሆኑ ድረስ ሁለቱን የከተማዋን ዳርቻዎች በዊልቸር ማገናኘት ይችላል። ለዕለት ጉዞ ግን የብዙው ሰው ተሽከርካሪ ባጃጅ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ መሆኑ ይጠቅማል፤ ሆኖም ዊልቸር የያዘ ሰው ቦታ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ «ኮንትራት» ይባላል፣ ያው ርቀት በሌላ ዋጋ ማለት ነው። ታሪፍ የሚወስነው አካል ይህን በመመሪያ ሊዘጋው ይችላል።

በከተማዋ የሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ የአካል ድጋፍና ዊልቸር ያቀርባል፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም ሲደግፈው ቆይቷል። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የእንዲህ ያሉ ማዕከላትን ሸክም አክብደዋል። ዕቅድ አውጪው የሚይዘው ቁጥር ግን ደካማ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ በአገሪቱ 864 ሺህ ገደማ አካል ጉዳተኞችን መዘገበ፣ ከሕዝቡ አንድ በመቶ አለፍ ያለ ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም የሚሰጠው ግምት 16 በመቶ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠያየቁ የመጣ ነው፤ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ቤተሰብ ይደብቃል፣ «መራመድ፣ ማየት፣ መስማት የሚቸገር አለ?» ሲባል አያቶችም ይቆጠራሉ።

የሐይቁ ዳርቻ የራሱ ችግር አለው። የጣና ወለል ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረም ገደማ፣ ከፍ ይላል፤ በክረምቱ መግቢያ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በሲሚንቶ የተሠራ ማረፊያ ባለበት ይቆማል፣ ጀልባው ግን ከውኃው ጋር ይወጣል ይወርዳል። በጥቅምት በቀላሉ የሚገባበት ጀልባ በግንቦት ሰው ታቅፎ የሚወርድበት ይሆናል። ከውኃው ጋር የሚንሳፈፍ ማረፊያና በማጠፊያ የተያያዘ መሸጋገሪያ ይህን ይፈታዋል፤ ልክ የሚይዝ የዊልቸር ማሰሪያና ለሁሉም የሚበቃ የሕይወት ጃኬት ሲታከልበት ደግሞ ጉዞው ሙሉ ይሆናል።

ማዶ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። በከተማ አስተዳደሩ ሥር ባለችው ዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡና ደን ውስጥ የሚያልፍ፣ ድንጋይና ሥር የበዛበት አቀበት ነው። ደኑ ከገዳማቱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ጣናም ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። መንገዱን በኮንክሪት መድፈን ለደኑም ለገዳማውያኑም አይበጅም። ሊደረግ የሚችለው የማረፊያውን አካባቢ ማስተካከል፣ ከአቀበቱ በፊት ያለውን ዝርጋታ ማደላደል፣ መቀመጫ በየርቀቱ ማኖርና የገዳማቱን ሥዕላት ታሪክ በድምፅና በብሬል ማዘጋጀት ነው። ይህም አስተዳደሩ ከገዳማቱ፣ ከጀልባ ማኅበራትና ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጋር አብሮ የሚጨርሰው ሥራ ነው።