«ሕግ ጥይት አያቆምም»? ስለ ጠመንጃ ቁጥጥርና ስለ ጅምላ ተኩስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ብረት እንግዳ ነገር አይደለም። ከአባት ለልጅ ይወረሳል፣ ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል፣ ገጠር ደግሞ ገበሬው ማሳው ዳር ይዞት ይውላል። ስለዚህ አንድ ወጣት አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ገብቶ ሕፃናት ፈጀ የሚል ዜና ሲመጣ ፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ዞሮ ዞሮ ስለ ራሳችን ቤት ይሆናል። «ሕግ ቢጠብቅ ይህ ይቀር ነበር?» የሚለው ጥያቄ ላይ የሚሰጡት መልሶች ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ናቸው። እዚህ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

መጀመሪያ የቃሉ ትርጉም ይያዝ። የጅምላ ተኩስ የምንለው አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በአንድ አጋጣሚ ብዙ ሰው ላይ የሚከፍቱትን ተኩስ ነው፤ ብዙ ቆጣሪዎች አራትና ከዚያ በላይ ተጎጂ ይላሉ። ጦርነት ሌላ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የገባንበትን ግጭት የጠመንጃ ፈቃድ ሕግ አያቆመውም፤ ያ የፖለቲካ መፍትሔ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ልግደል ያለ ሰው በገጀራም ይገድላል»

ይገድላል። ጥያቄው ስንት ሰው ይገድላል የሚለው ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። ቻይና ሄናን ግዛት ውስጥ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባና 23 ሕፃናትን ወጋ፤ አንዳቸውም አልሞቱም። አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ደግሞ አንድ ወጣት ጠመንጃ ይዞ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ገባና 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎችን ገደለ። ሁለቱም ያሰቡት ክፋት ነው፤ የለያያቸው በእጃቸው የያዙት ነው። በስለት ብዙ ሰው የሞተበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። በ2014 ቻይና ኩንሚንግ ባቡር ጣቢያ 31 ሰዎች በስለት ተገድለዋል፤ ገዳዮቹ ግን ቡድን ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን በጥቂት ደቂቃ ያን ያህል ሕይወት እንዲያጠፋ የሚያደርገው ጠመንጃ ነው።

«ክላሽም የድሮ ምንሽርም ያው ጠመንጃ ነው»

ብዙ የተሳሳተ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። እንደ ሞዜር ያሉት የድሮ ጠመንጃዎች አምስት ጥይት ይጎርሳሉ። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጣቱን ከቃታው አንስቶ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች ማድረግ አለበት። አምስቱ ሲያልቅ ከዝናሩ አውጥቶ እንደገና ያጎርሳል። ክላሽ 30 ጎራሽ ነው፤ አንዴ ከተቀባበለ በኋላ በነጠላ ተኩስ ላይ ቢሆን እንኳ ጣት በሳበ ቁጥር ይተኩሳል፣ ካዝና መቀየርም የሰከንዶች ሥራ ነው።

እነዚያ ሰከንዶች ግን ሕይወት ናቸው። በ2011 አሜሪካ አሪዞና ቱሳን ከተማ ውስጥ አንድ ሰው 33 ጥይት በያዘ ካዝና ሽጉጥ ተኩሶ 6 ሰዎች ገደለ፣ 13 አቆሰለ። የቆመው ካዝና ሊቀይር ሲል ነው፤ በዚያች ቅጽበት አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ተረባርበው ጣሉት፣ አንዲት ሴትም ሁለተኛውን ካዝና ቀማችው። ካዝናው ባለ 10 ቢሆን ኖሮ ያ ዕድል ከ33ኛው ጥይት በኋላ ሳይሆን ከ10ኛው በኋላ ይመጣ ነበር። የካዝና መጠንን የሚገድቡ ሕጎች የተመሠረቱት በዚህ ስሌት ላይ ነው። አሜሪካ ከ1994 እስከ 2004 ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ አዳዲስ ካዝናዎች እንዳይሸጡ ከልክላ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተመረቱት ግን መሸጥና መያዝ ስላልተከለከለ ገበያው አልደረቀም።

በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥይት ተኩሶ 60 ሰዎች ሞቱ። ጠመንጃዎቹ ላይ የገጠመው ባምፕ ስቶክ የሚባል ሰደፍ የጠመንጃውን ንቅናቄ ተጠቅሞ ነጠላ ተኩሱን ወደ እሩምታ የሚያቀርብ ነው። ዕቃው በኋላ ታገደ፣ በ2024 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው።

«እንግዲያው ረጅሙን ብቻ ከልክሎ ሽጉጡን መተው ይበቃል» የሚልም አለ። አይበቃም። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 32 ሰዎች የተገደሉት በሁለት ሽጉጥ ነው። ብሪታንያም በ1996 ደንብሌን ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና መምህርታቸው በሽጉጥ ከተገደሉ በኋላ ነው በዓመቱ ሽጉጥን ከግለሰብ እጅ ያስወጣችው።

«ሕግ ለጨዋ ሰው ነው፤ ወንጀለኛ መች ፈቃድ ያወጣል?»

ስለ ሽፍታና ስለ ኮንትሮባንዲስት ከሆነ ልክ ነው። በመተማ በኩል የሚገባ ብረት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በ2020ም ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ 22 ሰዎችን የገደለው ሰው አብዛኛውን መሣሪያ ያገኘው ከአሜሪካ በሕገ ወጥ መንገድ አስገብቶ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያቆመው የድንበር ሥራ እንጂ የፈቃድ ቢሮ አይደለም።

የጅምላ ተኩስ ገዳይ ግን በአብዛኛው ሽፍታ አይደለም። በ2011 ኖርዌይ ኡቶያ ደሴት ላይ 69 ሰዎችን የገደለው መሣሪያውን በሕግ ነው የገዛው። በ2022 ቴክሳስ ዩቫልዴ ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራንን የገደለው 18 ዓመት እንደሞላው ከሱቅ ሄዶ ገዛ። የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ (ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ተቋም) እና የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2002 ባወጡት ጥናት ደግሞ የትምህርት ቤት አጥቂዎች 68 በመቶ ያህሉ መሣሪያውን ያገኙት ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው። ሕግ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሲገዛ፣ የአባቱን ሳጥን ሲከፍት።

የኒውዚላንዱ ነገር ይበልጥ ያስተምራል። በ2019 ክራይስትቸርች መስጊዶች ውስጥ 51 ሰዎችን የገደለው ሰው ፈቃድ ነበረው። ስለ ጠባዩ ለፖሊስ የመሰከሩለት በአብዛኛው በኢንተርኔት ጨዋታ የሚያውቀው ጓደኛና የጓደኛው ወላጅ ናቸው። በተራ ፈቃድ ግማሽ አውቶማቲክ፣ ማለትም ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ገዛ፤ ትልልቅ ካዝና ለመግዛት ፈቃድ ስለማይጠየቅ ያንን ሰካበት። ክፍተቱ ሁለት ነበር፤ የምስክሩ ማንነትና ካዝናው። ፓርላማው አንድ ወር ሳይሞላ በ119 ድምፅ ለ1 እነዚያን መሣሪያዎችና ካዝናዎች አገደ። በዚህ በኩል እኛ ያለን ሀብት ቀላል አይደለም። በአንድ ቀበሌ ማን ሲጠጣ እንደሚጋጭ፣ ማን ሚስቱን እንደሚደበድብ፣ ማን ያልደረቀ ደም እንዳለበት የእድሩ ሰው ያውቃል። ምስክርነቱ ከደብዳቤና ከማኅተም ይልቅ ከእነዚህ ሰዎች ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይጣራል።

«አውስትራሊያ ጠመንጃ ሰብስባ ጨረሰች፣ ተኩስም ቀረ»

አልጨረሰችም፣ ሙሉ በሙሉም አልቀረም፤ ያገኘችው ውጤት ግን ትልቅ ነው። በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ 650,000 ገደማ መሣሪያ በገንዘብ ገዝታ አጠፋች። ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃን ከለከለች፤ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ፣ 28 ቀን እንዲጠብቅ አዘዘች። «ራሴን ለመጠበቅ» የሚለው እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ከዚያ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት አምስትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተባቸው 13 ተኩሶች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ድረስ እንዲህ ያለ አልታየም። በ2018 ኦስሚንግተን ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለቀ፤ በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ሲድኒ ቦንዳይ ባሕር ዳርቻ ላይ 15 ሰዎች ተገደሉ፣ ከሁለቱ ተኳሾች አንዱ ፈቃድ ነበረው። ሕጉ የአደጋውን ብዛት ቀነሰ እንጂ በሩን አልዘጋም።

ስዊዘርላንድን እንደ ተቃራኒ ምሳሌ የሚያነሱም አሉ፣ «ሁሉም ቤቱ ጠመንጃ አለው፣ ምንም አይሆንም» እያሉ። እዚያም ፈቃድ አለ፤ የሠራዊቱ ጥይትም ከ2007 ጀምሮ በየቤቱ አይቀመጥም።

«ሕጉ ከወጣ ሥራው አለቀ»

በ2017 ቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ሰዎችን የገደለው ሰው በሚስቱና በልጇ ላይ ባደረሰው ጥቃት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር። ሕጉ መሣሪያ እንዳይገዛ ይከለክለዋል። አየር ኃይሉ ፍርዱን ወደ ማጣሪያው መዝገብ ስላላስተላለፈው ሱቁ ሲጠይቅ «ንጹሕ ነው» የሚል መልስ አገኘ። በ2021 እንግሊዝ ፕሊማውዝ ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ከአንድ ጠበኛ ወጣት የወሰደውን ጠመንጃ መለሰለት፤ ከሳምንታት በኋላ 5 ሰዎች ገደለ።

እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አፈጻጸሙ እንዲህ የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ አይከብድም። ባለቤቱ ሲሞት ብረቱ በስሙ ተመዝግቦ ይቀራል፤ እጁ ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። ሲሸጥ ዋጋው እንጂ በጎኑ የተቀረጸው ቁጥር አይጻፍም። ሰው በድብደባ ሲከሰስ ፖሊስ ጣቢያው ቤቱ ብረት እንዳለ አይጠይቅም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማስተካከል አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፣ አንድ መዝገብና የሚያገላብጠው ሰው እንጂ።

«ሁሉም ቢታጠቅ ማን ይደፍራል?»

ዩቫልዴ ላይ 376 የታጠቁ የጸጥታ ሰዎች ደረሱ፤ ገዳዩ እስኪመታ 77 ደቂቃ አለፈ። ቱሳን ላይም አንድ የታጠቀ መንገደኛ ሮጦ ሲደርስ ሽጉጥ የያዘ ሰው አየና ሊተኩስ ቃጣ፤ ያ ሰው ግን ከገዳዩ ሽጉጡን የቀማው ነበር። በግርግር መሐል ወዳጅና ጠላት አይለይም።

«እብድ ነው እንጂ ጤነኛ አያደርገውም»

የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ ይህን ስም መለጠፍ ሕሙማንን ይበድላል፣ ትክክለኛውን ምልክትም ይሸፍናል። ያ የ2002 ጥናት ካያቸው ጥቃቶች በአብዛኞቹ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው አስቀድሞ ሰምቶ ነበር። ዛቻ፣ የቤት ውስጥ ድብደባ፣ ከሥራ መባረር፣ «ከእንግዲህ አትሰሙኝም» የሚል ስንብት፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ፍሎሪዳ በ2018 ፓርክላንድ ላይ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ፖሊስ ዳኛ ጠይቆ እንዲህ ካለ ሰው እጅ መሣሪያ ለጊዜው እንዲወስድ ሕግ አወጣች። እኛ ዘንድ ሽማግሌና የነፍስ አባት ነገሩ ሳይብስ መግባት ይችላሉ፤ ቁጣው እስኪበርድ ብረቱ ዘመድ ቤት ይደር ማለት ነውር አይደለም።

«ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ማንን ይጎዳል?»

በ2023 ሰርቢያ ቤልግሬድ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ 10 ሰዎች ገደለ፤ ሽጉጡ የአባቱ ነበር። በቁጥር በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር ተባለ፤ ልጁ ግን ቁጥሩን ያውቀዋል። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ጥናቶችን ሲያመዛዝን፣ የጅምላ ተኩስ ብዙ ጊዜ ስለማይደርስ በአብዛኞቹ ሕጎች ላይ የጸና ማስረጃ አላገኘም፤ መሣሪያ ከልጆች እንዲርቅ የሚያስገድዱት ሕጎች ግን የልጆችንና የወጣቶችን ሞት እንደሚቀንሱ ጠንካራ ማስረጃ አግኝቷል።

ክላሽ ቤት ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ። ከዚያ ማቀባበያውን እስከ ጫፉ ስባችሁ ጥይት ማረፊያውን በዓይን እዩ፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ዳስሱ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራዋል፤ ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያውን ሲስብ አንዱ ጥይት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ብሎ ቃታ ይስባል። ጥይቱና ካዝናው ከጠመንጃው በተለየ ሳጥን፣ በተለየ ቁልፍ ይቀመጡ። ሁለቱም ቁልፍ ከባለቤቱ ጋር ይዋል፤ ከበሩ መቃን በላይ የተሸጎጠ ቁልፍ የት እንዳለ የቤቱ ልጅ ሁሉ ያውቃል።