ዋት ምንድን ነው? በአምልኮ ቤት የድምፅ ማጉያ ምርጫ ላይ ስለሚደጋገም ስሕተት

ለአምልኮ ቤት ድምፅ ማጉያ ሊገዛ በታሰበ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ለዚህ ሁሉ ሰው ስንት ዋት ይበቃል?» የሚል ነው፤ መልስ ሰጪም አይታጣለትም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ለእያንዳንዱ ምእመን 10 ዋት መድቦ፣ በሕዝቡ ብዛት አባዝቶ፣ ነገሩን እዚያው ሲቋጨው አየሁ። ይህ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ እየተለወጠ ስለሚመላለስ፣ ዋት ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ መናገር ግድ ሆኗል።

በስፒከር ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ የሚያወጣውን ድምፅ አይናገርም፤ የሚናገረው ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመውን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከሚገባው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የድምፁን ጉልበት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚያወጣ የሚገልጸውን፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል የሚታተመውን ቁጥር ነው። በዚህ መለኪያ 100 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ100 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 90 ዴሲቤል ያለው ለመስጠት 1,000 ዋት ይፈጅበታል። ዋቱን እጥፍ ማድረግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ደግሞ ዐሥር እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ «ፒክ» (ለቅጽበት ብቻ የሚቻል ከፍተኛ ኃይል) ተብሎ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ ስፒከሩ ያለማቋረጥ ከሚችለው አራት እጥፍ ስለሆነ፣ ሁለት ዕቃዎችን በዋት የሚያወዳድር ሰው የትኛውን ቁጥር እያነበበ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል።

ይህኛው ስሕተት ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። የባሰው «ከኋላ አይሰማም» የሚል አቤቱታ በመጣ ቁጥር ዋት የመጨመር ልማድ ነው። ከኋላ፣ ከዓምዱ ሥር የተቀመጠውን ሰው ጠጋ ብለን ብንጠይቀው ድምፁ እንደሚደርሰው፣ ቃሉ ግን እንደማይለይለት ይነግረናል። ሰባኪው «ጠራ» ይበል፣ «ሠራ» ይበል፣ «ፈራ» ይበል አያውቅም። ሦስቱን የሚለያያቸው መነሻቸው ላይ ያለው ተነባቢ ብቻ ነው፤ እርሱም አጭርና ደካማ በመሆኑ፣ የቀደመው ቃል አናባቢ በድንጋይ ግድግዳውና በጉልላቱ መካከል ገና ሲመላለስ ይውጠዋል።

በጭጋግ ውስጥ የሚነዳ ሾፌር ረጅም መብራት ቢያበራ መንገዱ አይገለጥለትም፤ የሚነጣው ጭጋጉ ራሱ ነው። የአዳራሹ ማስተጋባት ጭጋጉ ነው፣ ዋቱም የመብራቱ ብርታት ነው። ዋት ሲጨመር ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅም ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውም እኩል ስለሚያድጉ፣ አንዱ ሌላውን የሚበልጥበት ልክ ፈቀቅ አይልም። የጭጋግ መብራት ዝቅ ብሎ ተተክሎ ብርሃኑን መንገዱ ላይ ብቻ እንደሚያፈስ፣ ስፒከርም ድምፁን ወደ ሕዝቡ የሚመራና ጣሪያውን የሚተው ሲሆን ይጠቅማል። ጭጋጉን ማሳሳትም ይቻላል፤ ይህ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር በግድግዳና በጣሪያ ላይ የመትከል ሥራ ነው (ስስ ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን እምብዛም አይመጥጥም፤ ምንጣፍ አንጥፎ ጨረስሁ የሚል ብዙ ነው)። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጭጋግ ሾፌርን በጅቶት አያውቅም፣ ማስተጋባት ግን ዜማን ያሳምራል። ለንግግር 1 ሰከንድ አካባቢ የሚቆይ ማስተጋባት ሲስማማ፣ ኦርጋንና የኅብረት ዝማሬ 2 ሰከንድና ከዚያም በላይ የሚቆየውን ይወድዳሉ። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚካሄዱ ከሆነ አዳራሹን ከማፈን ይልቅ ስፒከሩን ጠንቅቆ መምረጥ ይሻላል።

ይዘቱ 4,000 ሜትር ኩብ፣ ማስተጋባቱ 2 ሰከንድ የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ድምፁን በየአቅጣጫው እኩል የሚበትን ስፒከር በቀጥታ የሚልከው ድምፅ ከማስተጋባቱ በልጦ የሚሰማው እስከ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያው አዳራሽ፣ ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ዐሥር እጥፍ የሚሰበስብ ስፒከር ይህን ወሰን ወደ 8 ሜትር ይገፋዋል። በስሌቱ ውስጥ የአዳራሹ ይዘት፣ የማስተጋባቱ ጊዜና የስፒከሩ አቅጣጫ ይገባሉ፤ ዋት አይገባም። ለእያንዳንዱ ምእመን ዋት የሚመድበው ወዳጃችን ይህን ቢያስተውል ደስ ባለኝ።

በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ማስተጋባቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ይዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓርኪንና ቴይለር የተባሉ ባለሙያዎች ችግሩን የፈቱት ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ሳይበትኑ ወደ ሕዝቡ የሚልኩ የዓምድ ስፒከሮችን (ትንንሽ ስፒከሮች በአንድ ረጅም ሣጥን ከላይ ወደ ታች የተደረደሩባቸውን) በመትከልና ወደ ሩቆቹ ስፒከሮች የሚሄደውን ድምፅ በማዘግየት ነው። ድምፅ በአየር 34 ሜትር ለመጓዝ 0.1 ሰከንድ ስለሚወስድበት፣ ከኋላ የተተከለ ስፒከር ካልዘገየ አድማጩ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። የዓምድ ስፒከር ሁሉ ግን ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነው ከ340 ሄርዝ (በሰከንድ 340 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መምራት ይሳነዋል።

ማይክሮፎኑን በሚመለከት፣ ከአፍ ያለውን ርቀት በግማሽ መቀነስ 6 ዴሲቤል ያስገኛል፤ ይህም ዋቱን አራት እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው፣ ፊድባክንም (ማይክሮፎኑ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲቀበል የሚነሣውን ፉጨት) ያርቃል። ዕቃ ሲሞከርም ሻጩ በባዶ አዳራሽ ሙዚቃ ከፍቶ እንዲያሰማ አይፈቀድለት፤ ሰው ራሱ ድምፅ ስለሚመጥጥ ባዶው አዳራሽ ከሞላው የተለየ ነው፣ ሙዚቃም የተዋጠ ተነባቢን አያጋልጥም። እርስ በርስ የማይያያዙ ቃላት በማይክሮፎን ይነበቡ፣ ከዓምዱ ሥር ያለውም ሰው የሰማውን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ወረቀቱ ከተነበበው ዝርዝር ጋር ይመሳከር።