አሳይመንት «ነጥብ ማሟያ» ብቻ ነው?

ሴሚስተር ሲጀመር መምህሩ የኮርስ አውትላይን ያድላል። የብዙ ተማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ነጥቡ ላይ ነው፤ ፋይናል 50፣ የቀረው ክዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት። ስለዚህ ስለ«ቀረው» ብዙ ስህተት ይወራል።

«ዋናው ፋይናል ነው፣ አሳይመንት ማሟያ ነው።»

ኮርስ የሚለካው በሥራ ሰዓት ነው። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር፣ በእኛም አውትላይኖች ላይ ኢሲቲኤስ ተብሎ በሚጻፈው፣ 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። 5 ክሬዲት ያለው ኮርስ ቢያንስ 125 ሰዓት ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው ከዚህ ጥቂቱን ነው። ሌላው ንባብ፣ የላብራቶሪ ሥራና አሳይመንት ነው። አሳይመንቱን ከጓደኛው ኮፒ ያደረገ ልጅ ትልቁን የኮርሱን ክፍል አልተማረም።

«ክዊዝ ተማሪ ማጥመጃ ነው።»

በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ እንደገና አነበበው፤ ገሚሱ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ክዊዝም የሚያሠራን ይህንኑ ነው።

«ግሩፕ አሳይመንት ጎበዙ ይሠራዋል፣ ሌላው ስሙን ያስገባል።»

ይሄኛው ሐሰት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ሁላችንም አይተነዋል። ግን ሥራውን እኩል መከፋፈልም መፍትሔ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አምስት ሆነን ርዕሱን ተካፈልን። መግቢያው ለአንዱ፣ ማጠቃለያው ለሌላው። ማንም አልለገመም። የፕሬዘንቴሽን ቀን መምህሩ እያንዳንዳችንን የጠየቀን ሌላው የጻፈውን ነበር። ዝም አልን። አምስት ቁራጭ በስቴፕለር አያይዘን ነበር ያስገባነው። የግሩፕ ሥራ የሚጠቅመው ሁሉም ሙሉውን አንብቦ ሲከራከርበት ነው። መምህሩ ደግሞ ከግሩፑ ነጥብ ላይ ለየግል የሚሰጠው ቢኖረው ስም ብቻ ማስገባት ይቀንሳል።

«የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ አሳይመንት ትርጉም የለውም።»

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። እውነት ነው፣ ያስጨንቃል። ግን ፈተናው መልስ የሚመረጥበት ጥያቄ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪው የሒሳብ መዝገብ ሲዘጋ፣ የነርሲንግ ተማሪዋ ከታካሚ ጋር ስታወራ አያይም። እነሱን የሚያየው ፕሮጀክቱና የተግባር ልምምዱ ነው። ደግሞም ፈተናው የዓመታት ኮርሶችን ነው የሚጠይቀው። በሁለተኛ ዓመት ለፋይናል አንድ ሌሊት የተሸመደደ ኮርስ እስከዚያ ቀን አይቆይም።