«ሰውነቱ ጥሩ ነው» እና ሌሎች ስለ ልጆች አቅምና አመጋገብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድግ የ9 ዓመት ልጅ ቀኑ በደቂቃ ቢቆጠር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ከደረጃው እስከ ሰርቪስ መኪናው 3 ደቂቃ እርምጃ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ፣ በእረፍት ሰዓት ጠባብ ግቢ ውስጥ 15 ደቂቃ ግፊያ፣ ተመልሶ መኪና፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ስልክ፣ እራት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። እዚህ ቀን ውስጥ 20 ደቂቃ እንኳ አይገኝም። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ከቀኑ ላይ ተነሥቶበት ነው። በቦታው ደግሞ ስኳርና ጥብስ ገብቷል። ይህን እንዳናይ የሚጋርዱንን አባባሎች እየለየን እንያቸው።

«የሯጭ አገር ልጅ ምን ሆኖ አቅም ያንሰዋል?»

ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የአርሲ ከተማ ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ደብተር ይዞ ሲሮጥ ከለመደው እንደሆነ ይነገራል። እነዚህን ልጆች የሠራቸው ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ርቀቱ፣ የእርሻ ሥራው፣ ከብት ጥበቃው፣ ፉክክሩ አብሮ ነው። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ ተቀምጦ መዋል ግን ልብና ሳንባን አያሠለጥንም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ28 አገሮች ከ25 ሚሊዮን በላይ ልጆች የሮጡባቸውን ፈተናዎች ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ የዘመኑ ልጆች 1.6 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ከ30 ዓመት በፊት ከነበሩት እኩዮቻቸው በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይተው አገኟቸው።

«ሰውነቱ ጥሩ ነው፤ ሞላ ያለ ልጅ ጤነኛ ነው»

ይህ አባባል ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። አያቶቻችን ክሳትን ቢፈሩ ምክንያት አላቸው። ችግሩ በከተማ አንድ ልጅ በልጅነቱ ቀንጭሮ ቆይቶ፣ ከፍ ሲል ወገቡ ብቻ መስፋቱ ነው፤ ሁለቱ ችግር በአንድ ገላ ላይ ይገናኛል። በተቃራኒውም ቀጭን ሆኖ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የሚያለከልክ ልጅ «ወፍራም አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። ክብደትና አቅም ለየቅል ናቸው።

ሚዛን በሌለበት ቤት ገመድ ይበቃል። ከ5 ዓመት በላይ የሆነውን ልጅ ጫማ አውልቆ ከግድግዳ ጋር ያቁሙትና በቁመቱ ልክ ገመድ ይቁረጡ። ገመዱን ለሁለት አጥፈው፣ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንቱ ጫፍ መካከል፣ ልጁ አየር ካስወጣ በኋላ ወገቡን ይክበቡት። የታጠፈው ገመድ ዙሮ ካልገጠመ የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ ግማሽ በልጧል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መለካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከልብስ በላይ ሲለካ ወይም ልጁ ሆዱን ሲስብ ነው። ክብደትን በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ አካፍሎ ለአዋቂ የሚሠራውን «ከ25 በላይ ውፍረት ነው» የሚል ቁጥር (ቢኤምአይ) ለልጅ አይጠቀሙበት፤ የልጅ ቁጥር ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚነበበው።

«ሲያድግ ይለቀዋል»

አንዳንዱን ይለቀዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆኑ ልጆች ከግማሽ በላዩ በጉርምስናቸውም እንደዚያው ናቸው፤ ከእነዚህ ጎረምሶች ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ አዋቂ ሆነውም አልቀነሱም። በጊዜ ሳይሆን በልማድ ነው የሚለቀው።

«ለስላሳውን ትቶ ጁስ ይጠጣል፤ ጁስ ፍራፍሬ ነው»

እዚህ ላይ ረዘም እንበል፤ ትልቁ ቀዳዳ ያለው በመጠጥ በኩል ነውና።

ቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ጣሪያ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማርና ከጁስ የሚመጣው ስኳር ከጠቅላላው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ይህ 40 ግራም ይሆናል። የተሻለው 5 በመቶ ደግሞ 20 ግራም፣ ማለትም 5 የሻይ ማንኪያ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 32 ግራም ገደማ አለው፤ 8 ማንኪያ ነው። ልጁ ጠዋት በ2 ማንኪያ ስኳር አንድ ስኒ ሻይ ከጠጣ፣ ምሳ ላይ ለስላሳ ካገኘ፣ ጣሪያው ሞልቷል፤ ብስኩቱና ከረሜላው ገና አልተቆጠረም።

ጁስስ? አንድ 250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጁስ 3 ወይም 4 ብርቱካን ይፈልጋል፤ ስኳሩ ከ20 ግራም ይበልጣል። 4 ብርቱካን ልጦ የሚበላ ልጅ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ላይ ይጠግባል፤ ሲጠጣው ግን በ2 ደቂቃ ያልቃል፣ አሰሩም አብዛኛው ቀርቷል። ለዚህ ነው የጁስ ስኳር ከለስላሳው ጋር የሚቆጠረው፤ ያልተጨመቀ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም። ስፕሪስ ሌላ ነገር ነው፤ አቮካዶው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጁስ ቤቱ የስኳር ሽሮፕ ይጨምርበታል፣ ከላይ ደግሞ ቪምቶ ይፈስበታል። «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1 ዓመት በታች ጁስ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር፣ ከ7 ዓመት በላይ ከ240 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል።

ስኳርን በአንድ ቀን ማቋረጥ ቤት ውስጥ ጦርነት ያስነሣል፤ ከሻይ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። በሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ በግማሽ ማንኪያ ይጠጣል፤ ምላስ ይለምዳል። ሻዩ ከምግብ ጋር መሰጠቱም ሌላ ጉዳት አለው፤ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዘግይ።

«ይጫወትና ያቃጥለዋል»

ያንን አንድ ጠርሙስ ኮላ ለማቃጠል 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ፈጣን እርምጃ ያስፈልገዋል። በየቀኑ ማን ያደርገዋል? እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ለልብ፣ ለአጥንትና ለእንቅልፍ ነው፤ የጠርሙስ ዕዳ መክፈያ አይሆንም።

«ትምህርት ቤት ስፖርት ይማራል»

በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ብንል እንኳ በድምሩ 80 ደቂቃ ነው፤ የሳምንቱ ፍላጎት 420። በዚያ ላይ 50 ተማሪ፣ ሁለት ኳስ፣ ረጅም ሰልፍ፤ አንዱ ልጅ በእውነት የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀሪው ከቤትና ከሰፈር መምጣት አለበት። አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሌባና ፖሊስ፣ የጨርቅ ኳስ፤ እነዚህ ሁሉ በነፃ ይሰጡት ነበር። 60ው ደቂቃ በአንዴ መሆን የለበትም፦ ከሰርቪስ 1 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ወርዶ ከአዋቂ ጋር መራመድ 15 ደቂቃ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከሰዓት በኋላ 30 ደቂቃ ግቢ ውስጥ። ልኩን ለማወቅ ማውራት ይችል ግን መዝፈን ይቸግረው።

ገመድ ዝላይ ትንሽ ቦታ ላላቸው ከሁሉ ይሻላል። የገመዱ መሐል ተረግጦ ሁለቱ ጫፎች ብብት ጋር ይድረሱ፤ ከረዘመ ይጠላለፋል። የመጀመሪያው ሳምንት 20 ሰከንድ ዝላይ፣ 40 ሰከንድ እረፍት፣ 6 ጊዜ፤ በሁለተኛው ሳምንት 30 በ30። ተረከዝ ሳይሆን የእግር ፊት ይረፍ፣ ጉልበት ለስለስ ይበል። ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት ይጣመማል፤ አፈር ወይም ሣር ይምረጡ።

«ፑሽ አፕ ቁመት ያሳጥራል»

አያሳጥርም። የአጥንት ማደጊያውን የሚጎዳው ያለ ተቆጣጣሪ የሚነሣ ከባድ ብረትና አደጋ ነው፤ በራስ ክብደት የሚሠራ እንቅስቃሴ አጥንትን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይላል። ለ10 ዓመት ልጅ ቁጭ ብድግ 8፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተደገፈ ፑሽ አፕ 8፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ 10 ሰከንድ፤ አንድ ደቂቃ አርፎ መድገም። ቁጭ ብድግ ሲሠራ ተረከዙ ከተነሣ፣ ፑሽ አፕ ላይ ወገቡ ከጎበጠ ቁጥሩን ይቀንሱ።

«ላቡ ላይ ብርድ ይመታዋል»

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚተላለፈው በተዘጋ ክፍል፣ በተዘጋ መስኮት፣ በታጨቀ ሰርቪስ ውስጥ ይበልጥ ነው። ቦርሳው ውስጥ ደረቅ ካናቴራ ይያዝ፣ ሲጨርስ ይቀይር፤ በቃ። አስም ያለበትም ልጅ መጫወት ይችላል፤ ሐኪሙ ያዘዘለት በአፍ የሚሳብ መንፊያ (ኢንሄለር) ካለ በታዘዘው መሠረት ከጨዋታ በፊት ይወስዳል።

«ምሳ ዕቃው የሀበሻ ምግብ ከሆነ ያፍራል»

ያፍር ይሆናል፤ ልጅ ጓደኛው የያዘውን ያያል። ነገር ግን ኑድልስ፣ ቺፕስና ብስኩት የበለጠ «ዘመናዊ» ስለሆኑ አይሻሉም። እሽጉ ላይ የተጻፈውን ሶዲየም በ2.5 ያባዙ፤ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው፣ የአዋቂ የቀን ጣሪያ ደግሞ 5 ግራም ነው። ኑድልሱ የግድ ከሆነ ከቅመሙ ግማሹን ብቻ ጨምረው እንቁላልና የተከተፈ ጎመን ይጨምሩበት።

ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው አሁንም ይሠራል፦ የሽሮ ፍርፍር ከቲማቲም ጋር፤ ወይም ድንች ቅቅል፣ እንቁላልና ካሮት፤ ሙዝ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ። ትኩሱን ወዲያው ሲከድኑት ላቡ ይመለስና ይረጥባል፣ ልጁም ሳይነካው ይመልሰዋል፤ 10 ደቂቃ ይብረድ። ለመክሰስ ቆሎ ጥሩ ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ግን ቆሎና ሙሉ ለውዝ አይስጡ፤ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይገባል።

«ካላጎረስኩት አይበላም»

ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ከጠገበ በኋላ የሚመጣው ጉርሻ ግን ልጁን የራሱን ሆድ እንዳይሰማ ያስተምረዋል። ስልክ እያሳዩ ማጉረስ ደግሞ ይብሳል። ምን እና መቼ እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ። ጎመንን አንዴ ተፋው ማለት ጠላው ማለት አይደለም፤ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ብዙ ልጅ 10 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መቅመስ ይፈልጋል። ትንሽ፣ አንድ ማንኪያ፣ ያለ ልመና።

«ከወፈረ እራት ይከልከል»

የሚያድግ ልጅ ማስራብ ቁመቱን ይነካል፤ በድብቅ መብላትንም ያስለምዳል። ለብዙዎቹ ዓላማው ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። መጠጡን ወደ ውሃ መቀየር፣ ጥብሱን በሳምንት አንዴ ማድረግ፣ እንቅልፍን ማስተካከል ይቀድማል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ ያልተኛ ልጅ ደግሞ ጣፋጭ ይፈልጋል።

አንድ ምልክት ግን ቤት ውስጥ አይፈታም፦ አንገቱ ኋላና ብብቱ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፈር ያለ፣ በሳሙና ታሽቶ የማይለቅ ጥቁረት። ብዙ እናቶች እድፍ መስሏቸው በመታጠቢያ መረብ ያሹታል። ሰውነት ኢንሱሊን አልታዘዝ ማለት መጀመሩን ሊያሳይ ስለሚችል የደም ስኳር ምርመራ ያስፈልገዋል። ቶሎ ቶሎ የሚጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሣና እየበላ የሚከሳ ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።