በአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት የነፋስ ተርባይን ምርት «40 በመቶ» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ሜጋ ዋት ጣቢያው በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለው አቅም ነው፤ ሜጋ ዋት ሰዓት ደግሞ በተግባር ያመነጨው። 100 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ዓመቱን በሙሉ አቅም ቢሠሩ በ8,760 ሰዓት 876,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ቆጣሪው 350,400 ካሳየ 40 በመቶ ተባለ።

ብዙዎች ግን «60 በመቶውን ጊዜ ቆሟል» ብለው ይረዱታል። አይደለም። ተርባይኑ ነፋሱ በሰከንድ 3 ወይም 4 ሜትር ሲደርስ ማመንጨት ይጀምራል፤ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ግን ወደ 12 ሜትር ሲጠጋ ነው። ከዚያ በታች የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ፣ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አብዛኛውን ሰዓት ይዞራል፣ ግን በከፊል አቅሙ።

ዋዮሚንግ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ለሌሎች ግዛቶች ስለምትልክ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሩ ሲሞላ ነፋስ እያለም ተርባይን እንዲቀንስ ይታዘዛል። ያ ኪሳራ በቁጥሩ ውስጥ አለ።