ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፦ ከ1917 እስከ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር የሚገኝ አንጋፋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የከፈቱት በወቅቱ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ሲሆኑ፣ ስሙንም ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ግቢው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሏል፤ በዚያ የተማሩት ግን እስከ ዛሬ «ተፈሪ መኮንን» ብለው ብቻ ይጠሩታል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በአዲስ አበባ የነበረው አንድ ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1901 የተመሠረተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ሥጋት ስለነበራቸው፣ ዳግማዊ ምኒልክ መምህራኑን ከአውሮፓ ሳይሆን ከግብጽ፣ ከቅብጥ ክርስቲያኖች መካከል አስመጡ። ትምህርቱም በአመዛኙ ቋንቋ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በልጅነታቸው ከዚያ ትምህርት ቤት ቀስመዋልና፣ ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ሲያቋቁሙ የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

1917 የተለየ ዓመት ነው። አልጋ ወራሹ ከታላቁ የአውሮፓ ጉብኝታቸው ከተመለሱ ገና ዓመት አልሞላም። በታኅሣሥ ወር ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በሚያዝያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተመረቀ። ማተሚያ ቤቱንም ሆነ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት ከግል ገንዘባቸው ነው። በምረቃው ዕለት ባደረጉት ንግግር መኳንንቱና ባለጸጎቹ ምሳሌያቸውን ተከትለው ትምህርት ቤት እንዲያሠሩ አሳስበዋል። ጥሪው በጊዜው ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ይሁንና አንድ የአገር መሪ ትምህርት ቤት መክፈትን የመኳንንት ግዴታ አድርጎ በአደባባይ ማቅረቡ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

ለመጀመሪያው የበላይ ኃላፊነት የተመረጡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በእኚህ ሰው ላይ ቆም ሳይል ማለፍ አይችልም። የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ከግርግሩ መሐል የተገኙ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። አሳዳጊያቸው ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አስተማራቸውና በአውሮፓውያን ዘንድ ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም ታወቁ። በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው በበርማ በሐኪምነት አገልግለዋል። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፍለጋ ሲመጡ፣ የልጅነት ጠባሳቸውን አይተው የለዩዋቸው አያታቸው ናቸው። አማርኛን ከጉልምስና በኋላ እንደገና የተማሩ፣ ሕክምናን፣ ዳኝነትንና አስተዳደርን ያፈራረቁ፣ በመጨረሻም በወረራው ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ከጦርነት ፍርስራሽ ተነሥቶ በትምህርት ሰው የሆነ ሰው የትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆን፣ ለልጆቹ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ማስረጃ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ትምህርቱ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው የምድር ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የንግዱም፣ የዲፕሎማሲውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ነበር። እንግሊዝኛም ይሰጥ ነበር፤ አማርኛም አልተተወም። ተማሪዎቹ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ከቤታቸው የሚመላለሱም በአዳሪነት የሚኖሩም ነበሩባቸው። ለሴቶች ልጆች የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እቴጌ መነን፣ እስኪከፈት ድረስ እስከ 1924 መጠበቅ ግድ ሆኗል።

የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት ፍሬ ለማየት ወደ ሆለታ መሄድ ያስፈልጋል። በ1927 ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት አቋቋሙ። ስዊድናውያኑ የሚያስተምሩት በፈረንሳይኛ ስለነበር ዕጩ መኮንኖቹ ቋንቋውን ከሚያውቁ ተማሪዎች መካከል መመልመል ነበረባቸው፤ ተፈሪ መኮንንም ከዋናዎቹ መጋቢ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆነ። ሥልጠናው ገና ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ደረሰ። በሚያዝያ 1928 የጠላት ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ እነዚህ ወጣቶች ጣርማ በር ላይ መንገድ እንዲዘጉ ተላኩ። ትናንት የፈረንሳይኛ ግሥ ሲያረቡ የነበሩ ልጆች ናቸው ያን ገደል ይዘው ከታንክና ከአውሮፕላን ጋር የተፋጠጡት። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከሆለታ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ወለጋ ተሻግረው፣ ከሌሎች የተማሩ አርበኞች ጋር በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ድርጅት መሠረቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ሆነውም ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እስኪማረኩ ድረስ ታገሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የካቲት 12 ነው። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶቹ የተማረውን ወጣት እየለዩ አደኑት። በዚያው ዓመት ከተገደሉት መካከል የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ይገኙበታል። የመጀመሪያው ኃላፊ በለንደን የአገራቸውን ጉዳይ ሲሟገቱ ልጆቻቸው እዚህ ወደቁ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ትውልድ ስንት ልጅ እንዳጣ ሲታሰብ፣ በ1930ዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ለምን የተማረ ሰው ያለህ ይሉ እንደነበር ይገባል።

በአምስቱ የወረራ ዓመታት ትምህርት ቤቱ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ዝግ ነበር።

ነጻነት ሲመለስ እንደገና ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች አንዱ ተፈሪ መኮንን ነው። በዚያ ሰሞን ከገቡት ልጆች አንዱ ከድሬዳዋ የመጡት አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ አባታቸው ከየካቲት 12 በኋላ በፋሽስቶች ከተገደሉት ወገን ናቸው። ወጣቱ አሥራት ብዙም ሳይቆዩ በእስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ኤደንብራ ተላኩ፤ ተመልሰውም በአገሪቱ ስመ ጥር የቀዶ ጥገና ሐኪምና የሕክምና ፋኩልቲው ዲን ሆኑ። በትምህርት ቤቱ የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ነገር ግን በጊዜው ውጭ ለመላክ ያበቃ የነበረው ይህን የመሰለ የአገር ውስጥ ትምህርት ቤት በመሆኑ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ስማቸውን በኩራት ሲያነሡ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል፣ በስፖርቱ ዘርፍ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ታላቅ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ከተማሪነት ጀምሮ ኳስ ተጫዋች የነበሩት ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዘመን ተሰልፈዋል፤ በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በ1954 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ፤ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። አፓርታይድ ይከተል የነበረው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ከአፍሪካ እግር ኳስ እንዲገለል ካደረጉት ድምፆች መካከል የእርሳቸው ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ያለው የትምህርት ቤቱ ታሪክ የካናዳ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባላት) ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ከኩቤክ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላትን ጋብዘው አስተዳደሩን ሰጧቸው። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። «ኢየሱሳዊ» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ትዝታ ውስጥ ከአፄ ሱስንዮስ፣ ሃይማኖትን በአዋጅ ከማስለወጥና ከብዙ ደም ጋር የተያያዘ ነው፤ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከተባረሩም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ስለዚህ ስምምነቱ ጥብቅ ሆነ፤ መምህራኑ የሚመጡት ለማስተማር እንጂ ለመስበክ አይደለም፣ የክህነት ልብሳቸውንም አይለብሱም። ካህናቱ እንደማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ኮትና ክራቫት አድርገው ክፍል ገቡ፤ የአገራቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ቢሆንም ትምህርቱ ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተዛውሮ ስለነበር በእንግሊዝኛ አስተማሩ። ቃላቸውንም ጠብቀዋል። በጠንካራ ሥርዓት፣ በሰዓት አክባሪነትና ተማሪውን በስሙና በውጤቱ ለይቶ በማወቅ ትምህርት ቤቱን ከአገሪቱ ግንባር ቀደሞች ተርታ አሰለፉት።

የዚህ ቡድን መሪ ሉሲየን ማት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ለማቋቋም ሲወስኑ ኃላፊነቱን የሰጡት ለእኚሁ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በታኅሣሥ 1943 በአራት ኪሎ ትምህርት ጀመረ፤ የካቲት 20 ቀን 1943 ደግሞ በይፋ ተመረቀ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የእርሱ አካል ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትውልድ ሐረጉን ሲቆጥር በዚህ ትምህርት ቤት በኩል ማለፉ ሊዘነጋ አይገባም። ሆለታ መኮንኖቹን፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ፕሬዚዳንቱን ከዚህ ወስደዋል፤ የተፈሪ መኮንን ሥራ ከራሱ መዝገብ ይልቅ በሌሎች ተቋማት መዝገብ ውስጥ ጎልቶ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ተፈሪ መኮንን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች መካከል ያከራክራል። በ1935 በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት ከመነሻው ለሁለተኛ ደረጃ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከጦርነቱ በፊት ተፈሪ መኮንን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ግን ከመጀመሪያ ደረጃ ከፍ ይል እንደነበር ተማሪዎቹ የደረሱበት ይመሰክራል። በደረጃ ስም ኮተቤ፣ በዕድሜ ምኒልክ ቢቀድሙም፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከፊደል እስከ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በር ያደረሰ ቀዳሚ ተቋም ተፈሪ መኮንን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይመስልም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ «አጠቃላይ» የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ አደረጃጀት በአገሪቱ ተስፋፋ። ሐሳቡ የቀለም ትምህርትን ከእጅ ሙያና ከንግድ ሥራ ትምህርት ጋር በአንድ ግቢ ማስኬድ ነበር፤ ተማሪው ማትሪክ ቢያልፍ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ባያልፍ ሙያ ይዞ ወደ ሥራ ይሄዳል። ግቢው በኋላ የያዘው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በየካቲት 1966 «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት የድሃውን ልጅ ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ያስቀራል ተብሎ ተቃውሞ ሲነሣ፣ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አደባባይ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። እቴጌ መነን የካቲት 12፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቀን ትምህርት ቤት ኮከበ ጽባሕ ሲባሉ ተፈሪ መኮንንም እንጦጦ ተባለ። የደርግ ዘመን ብዙ ወጣት በልቷል፤ የትምህርት ቤቱም ትውልድ ከዚያ አላመለጠም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሙያ ሥልጠናው እየሰፋ ሄዶ ግቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋም፣ ቀጥሎም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆነ። ተመሳሳይ ዕጣ ለጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ደርሷል። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎች በዚህ ቅር የሚሰኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የከተማዋ ምርጥ የቀለም ትምህርት ቤቶች ስማቸውም ሥራቸውም ሲለወጥ የሚተካቸው ወዲያው አልተገኘም። ሆኖም በዛሬው ግቢ የሚሠለጥነው ወጣት ብየዳውን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታውን፣ የሞተር ጥገናውን በእጁ እየሠራ ይማራል፤ ይህም በአገሪቱ የሥራ ገበያ የሚፈለግ ዕውቀት ነው።

በአጥሩ አጠገብ የሚያልፈው መንገድ ግን ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ተራራ የሚወርዱት እናቶች፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አግድም አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ስድስት ኪሎ ያልፋሉ። ደብተርና የሥራ ቱታ በከረጢት የያዙ ሠልጣኞች ዳር ይዘው ያሳልፏቸውና ወደ ግቢው ይታጠፋሉ።