የኤስፕሬሶ ማሽን ፖርታፊልተር አመራረጥ በጎንደር

ፖርታፊልተር የተፈጨ ቡና የሚጠቀጠቅበትን ፊልተር አቅፎ በማሽኑ ራስ ላይ ተጠምዝዞ የሚገጠም ባለ እጀታ ዕቃ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው፣ ባሪስታው የቡናውን አተላ ኳ አድርጎ ሲያራግፍ የሚሰማው ድምፅ የዚሁ ዕቃ ነው። ፒያሳም ማኪያቶም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ የማሽኑም መነሻ ጣሊያን ነው። የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ማሽን ቡናውን የሚይዘው እንዲህ ባለ ተነቃይ እጀታ ነበር።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ማሽኑ ነው፤ የእጀታው መልክ ኋላ ይደርሳል። አብዛኞቹ የካፌ ማሽኖች 58 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊልተር ይቀበላሉ፤ የጣሊያኑ ማሽን አምራች ፋኤማ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ኢ61 የተባለው ማሽንም በዚሁ ልክ ነው። ለቤት ከሚገዙት ውስጥ ብዙዎቹ የዴሎንጊ ማሽኖች 51፣ የብሬቪል ደግሞ 54 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቁጥሩ ስለተስማማ ብቻ ግን ይገጥማል ማለት አይደለም። በእጀታው ጎን ያሉት ጆሮዎች ውፍረትና ቅርጽ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ልዩነት እንኳ አላስገባ ሊል ይችላል፤ ወይም እጀታው ልል ሆኖ ውኃ በጎን ያፈሳል። አሮጌውን እጀታ ይዞ ወደ ሻጩ መሄድና ጆሮውን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለክቶ ማነጻጸር ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ከዚያም በፊት ጎሚኒው፣ ማለትም በማሽኑ ራስ ውስጥ ያለው ውኃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ፣ ይታይ። በደንብ የገጠመ እጀታ ሲጠብቅ ቀጥ ብሎ ወደ ባሪስታው ይቆማል። ከመሃል አልፎ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለቀው ጎሚኒው ነው፤ እሱን መቀየር ደግሞ ሙሉ እጀታ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ጎንደር ላይ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ሙቀት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ዕቃ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የማሽኑ ውኃ ማሞቂያ በሆነው ቦይለር ውስጥ ግፊት ስላለ ውኃው ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ እዚህ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። በመሆኑም መለኪያው 1 ባር ሲል የሚላኖ ቦይለር 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የጎንደሩ 116 ወይም 117 ላይ ይቀራል። ሙቀቱን በግፊት መቆጣጠሪያ ብቻ በሚጠብቅ ማሽን ላይ ስስ የአሉሚኒየም እጀታ ሲገጠም ውኃው የቀረውንም ሙቀት ይነጠቃል፤ ቡናውም ኮምጣጣ ይሆናል። ክሮም የተለበጠ ወፍራም ናስ አንዴ ከሞቀ ቶሎ አይበርድም፤ ዋጋው ቢወደድም እዚህ ከተማ የምመርጠው እሱን ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓትም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ማሽኑ ላይ እንደተገጠመ ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መለኪያው ቦታው ስለደረሰ ብቻ መቅዳት ስሕተት ነው፤ የእጀታው ብረት ራሱ በደንብ እስኪግል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቡናው ወደ ስኒው የሚወርድበት የአፉ ጉዳይ አለ። ባለ አንድ አፉ 7 ግራም ገደማ፣ ባለ ሁለት አፉ ከ14 እስከ 18 ግራም ለሚይዝ ፊልተር ነው። ጓደኛሞች ተያይዘው መጥተው ማኪያቶ በሚያዙበት ቤት ባለ ሁለት አፉ በአንድ ጊዜ ሁለት ስኒ ስለሚቀዳ ዋናው መሣሪያ እሱ ነው። አፍ የሌለው፣ ሥሩ ክፍት የሆነው ዓይነት ቡናው እንዴት እንደሚወርድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ቡናው እኩል ካልተጠቀጠቀ ውኃው ስንጥቅ ፈልጎ ይረጫል። ለጀማሪ ባሪስታ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ለሁለት ስኒ ማካፈል ስለማይችል ግን ጠዋት ጠዋት ለሚጨናነቅ ካፌ አልመክረውም።

ለቤት የሚገዛ ሰው ፊልተሩንም ይይ። ነጠላ ግድግዳ ያለው ፊልተር ደቅቆና ወጥ ሆኖ የተፈጨ ቡና ይፈልጋል፤ ለጀበና ተብሎ በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ውስጡ ቢሞላ ውኃው ሳይቆም ያልፋል። የዘጌን ቡና እቤቱ ቆልቶ የሚወቅጥ ሰው ወይ ጥሩ ወፍጮ አብሮ ይግዛ፣ ወይ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ግፊቱን የሚያቆየውን ባለ ድርብ ግድግዳ ፊልተር ይምረጥ።